ሽፋሽፍት ነቃይዋ

“አትንቀሳቀሺ” አለች ድንቅቱ፣ የራዲያን ጭንቅላት ጭኗ ላይ እያመቻቸች። “አንዲት ብቻ ናት የቀረችው።”

ራዲያ ትንፋሿን ያዘች። ድንቅቱ በግራ አውራ ጣቷ የዓይኗን ቆብ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ በቀኟ የያዘችውን ወረንጦ አስጠጋች። የታኅሣሥ ፀሐይ ከራዲያ ሱቅ ጓሮ አጥር በላይ ወጥታ ፊታቸው ላይ ታበራለች። ከዚህ የተሻለ ብርሃን አይገኝም። ሆኖም የምትፈልጋት ፀጉር አንዴ ትታያታለች፣ አንዴ ትጠፋባታለች፤ ሁለት ትሆንና መልሳ ምንም ትሆናለች። ጨክና ያዘች፤ ሳበችም።

ራዲያ “ውይ” ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። ከቆቧ ጠርዝ ቀጭን ደም ወረደ። ወረንጦው የያዘው ፀጉር ሳይሆን ሥጋ ነበር።

“ዝንብ ናት” አለች ድንቅቱ ፈጠን ብላ፣ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ እየጫነችላት። “እጄ ላይ ዝንብ አርፋብኝ ነው።”

“ምንም አይደል።”

“ይቅር በይኝ።”

“ምንም አይደል አልኩሽ እኮ።”

ዓለም ገና ላይ ዓይኑን ፀጉር የሚወጋው ሰው ሁሉ የድንቅቱን ደጃፍ ያውቀዋል። ከጅማ መንገድ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሴቶች፣ ከፉሪ ዳገት የሚወርዱ ገበሬዎች፣ ገበያ ውለው የሚመለሱ ነጋዴዎች ሳይቀሩ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌናቸውን ሲፍቃቸው እንባቸውን እያዘሩ ይመጡና ጭኗ ላይ ጋደም ይላሉ። ገንዘብ አትቀበልም። አንዱ እንቁላል፣ ሌላው አንድ ስኒ ጨው፣ ሌላው ምርቃት ብቻ ትቶላት ይሄዳል። ባሏ ገርባ ቃል የማያበዛ ገበሬ ነው፤ እሱ እንኳ እንግዳ ሲመጣ “የኔዋ የሰው ዓይን ጠባቂ ናት” ማለት ይወዳል።

ከክረምት ወዲህ ግን ፀጉሩ የራሷን ዓይኖች ይወጋ ጀመር። መጀመሪያ ላይ በመስታወት እያየች ራሷ ነቀለችው። ኋላ መስታወቱ የደበዘዘ መሰላትና በአመድ አሸችው፤ አልጠራም። አሁን ፀሐይ ሲመታት ዓይኗ በአሸዋ የተሞላ ይመስላታል። የውቂያው እብቅ ሲነሣ አውድማውን ጥላ ትሸሻለች፤ ለገርባ “ራሴን አመመኝ” ትለዋለች። ልጇ ወርቅቱ ፉሪ ተድራ ሄዳለች፤ አጠገቧ ብትኖር ትነቅልላት ነበር። ለሌላ ሰው “ንቀይልኝ” ብትል ደግሞ ከነገ ጀምሮ ዓይኑን አምኖ የሚሰጣት አይኖርም። እናም እያየች ስትነቅል የኖረችውን አሁን በዳበሳ ትነቅላለች። በየቀኑ ጠዋት ስትነሣ የመጀመሪያ ሐሳቧ “ዛሬ ማን ይመጣ ይሆን?” የሚል ሆኗል፤ ዱሮ የምትጓጓለት፣ ዛሬ የምትፈራው ጥያቄ።

የራዲያ ባል ሱሩር በሱቁ የኋላ በር ብቅ አለ። ጨው ሲመዝን ስለነበር እጁ ነጭ ሆኗል። የሚስቱን ዓይን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ።

“እንዴት አደርሽ የወርቅቱ እናት? ነገረችሽ?”

“ምኑን?”

“ሰበታ ጤና ጣቢያ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል። ከአዲስ አበባ ነው የመጡት፤ እስከ ነገ ብቻ ናቸው። ቆቡን ቆረጥ አድርገው ፀጉሩን ወደ ውጭ ይመልሱታል። አንድ የተፍኪ ሽማግሌ አምና አዲስ አበባ ሄደው የተደረገላቸውን እዚህ ሱቅ ገብተው አሳይተውኛል። እንደ ጤነኛ ዓይን ነው።”

“በምላጭ?” አለች ድንቅቱ።

“በምን እንደሆነ አላውቅም።”

“ቆርጠውት አልከደን ቢልስ? ተኝታ እንኳ ዓይኗ እንደተገለጠ የምታድር ሴት አለች ሲሉ ሰምቻለሁ።”

“ማናት እሷ?”

ድንቅቱ ስሟን አታውቅም። ወሬውን ከማን እንደሰማችውም ጠፋት።

“የቀኙ ሄዷል ድንቅቱ” አለች ራዲያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሁለት ዓመት ሆነው፤ ወተት የተደፋበት ነው የሚመስለው። ሚዛን የማየው በግራው ነው። ትናንት ሩብ ኪሎ ስኳር የጠየቀች ሴት ግማሽ ኪሎ መዘንኩላት። ሱሩር ዛሬ ዕቃ የሚያራግፍለት መኪና ይመጣል፤ ሱቁን መልቀቅ አይችልም። ካንቺ ጋር ከሆነ እሄዳለሁ። ካላንቺ አልሄድም።”

ድንቅቱ ምክንያት ፈለገች። የአውድማው ምሳ አለ፤ ከብቶቹ አሉ። ሁሉም አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ራዲያ በዚያች ባደማችባት ዓይን ታያታለች።

“እሺ” አለች። “እኔ እመራሻለሁ።”

አውቶቡስ ቢጠብቁ አጡ፤ በእግራቸው ሄዱ። ድንቅቱ የራዲያን እጅ ይዛ በአስፋልቱ ዳር ዳር፣ ባቄላ የጫኑ አህዮች በሚረግጡት ኮረኮንች ላይ ትራመዳለች። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ጎትታዋለች፤ ሰው ቢያያት ከፀሐይ የተከለለች እንጂ ዓይኗ የታመመ አይመስልም። የጭነት መኪና ሲመጣ ከማየቷ በፊት በጆሮዋ ትሰማዋለች። ያኔ ቆም ትላለች፤ ራዲያም ትቆማለች፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላሉ።

ሰበታ ሊገቡ ሲሉ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን አኑሮ በሰልፍ ሲሄዱ አገኟቸው። እየሳቁ ነበር የሚሄዱት። ድንቅቱ ፊቷን አዞረች። ራዲያ “ማነው የሚስቀው?” ብትላት “መንገደኞች ናቸው” አለቻት።

የጤና ጣቢያው በረንዳ ሞልቷል። ግማሹ ዓይኑን በእጁ ጋርዷል፣ ግማሹ ጨርቅ አስሯል። ከአግዳሚው ጫፍ ኦቦ ጃራ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሱሩር የነገራቸው የተፍኪው ሰው እኚሁ መሆናቸው በንግግር መሐል ታወቀ።

“አምና ግራውን፣ ዛሬ ቀኙን” አሉ ጣታቸውን እየቀሰሩ። “ሲቆርጡት አያምም። የሚያመው መርፌው ነው፤ እሱም እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው።”

“አንቱ አልፈሩም?” አለች ራዲያ።

“ፈራሁ እንጂ ልጄ። ግን ምራቴ እየመራችኝ ሜዳ መውጣቱ ከፍርሃቱ ባሰብኝ። ለሽማግሌ ከዚያ የከፋ ምን አለ?”

በረንዳው ላይ ሰው የሚመረምረው ነገሳ የሚባል ወጣት የጤና መኮንን ነው። ሐኪሞቹ ውስጥ ይቆርጣሉ፣ እሱ ደጅ ሆኖ ማን እንደሚገባ ይለያል። ለሽማግሌው “አባ፣ አካም ጂርቱ?” ብሎ ጤንነታቸውን በኦሮምኛ እየጠየቀ፣ ለሚቀጥለው በአማርኛ እየተናገረ እጁን በየሰዉ መሐል በሳሙና ይታጠባል። ድንቅቱ ይህን ትመለከት ነበር። ውሃውን ለምን እንዲህ እንደሚያባክን አልገባትም።

የራዲያ ተራ ደረሰ። ነገሳ ቆቦቿን አንድ በአንድ ገለበጠ፤ በትንሽ ባትሪ አበራባቸው። ቀኙ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ባትሪውን አጠፋ።

“እናቴ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም። ለቀኙ ምንም ማድረግ አንችልም፤ ብሌኑ ጠባሳ ሆኗል። ግራውን ግን ዛሬ ከቆረጥነው ይተርፋል።” እንደገና ወደ ግራው ጎንበስ አለ። “ይህ ቁስል የዛሬ ነው። ሽፋሽፍቱን የሚነቅልልዎ ማነው?”

ራዲያ ወደ ድንቅቱ አልዞረችም።

“ራሴ ነኝ” አለች። “በመስታወት።”

“በየትኛው ዓይንዎ እያዩ?”

ራዲያ ቁስሉን በመዳፏ ሸፈነች።  ድንቅቱ ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ልጁ ሌላ ሰው ይጠራል፣ ራዲያ ትገባለች፣ ማንም ምንም አይላትም።

“እኔ ነኝ” አለች። “ስምንት ዓመት ሆነኝ። ለሷ ብቻ አይደለም፤ ለአገሩ ሁሉ ነው የምነቅለው።”

አግዳሚው ላይ የነበሩት ዞረው አዩዋት። ነገሳ አልተቆጣም። ራዲያን ወደ ውስጥ ከሸኛት በኋላ ተመልሶ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

“አሳወርኳት?” አለች እሱ ከመናገሩ በፊት።

“በሽታው ነው ያሳወራት። ትራኮማ ይባላል፤ እናንተ የዓይን ማዝ የምትሉት ነው። ደጋግሞ ሲይዝ ቆቡ ከውስጥ ጠባሳ ይይዝና ፀጉሩን ወደ ዓይን ያጥፈዋል።” ትንሽ አሰበ። “ግን ሲነቀል ምን ይሆናል መሰለዎ? ለጥቂት ቀን ያርፋሉ። ከዚያ አጥሮና ደድሮ እንደ ታጨደ አገዳ ጉቶ ይበቅላል፤ ሲበቅል ከፊተኛው የባሰ ይወጋል። ሰውየው ግን ‘ተሽሎኛል’ ብሎ ሐኪም ሳያይ ዓመታት ያልፋሉ። ከሦስት ዓመት በፊት መጥታ ቢሆን ቀኟ ይተርፍ ነበር። ያኔ ደግሞ እዚህ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሁሉንም እርስዎ ብቻዎን አይሸከሙት።”

“ሁሉንም አይደለም ማለትህ የተወሰነው የኔ ነው ማለት ነው።”

ነገሳ እጆቿን አየ። “ሲነቅሉ የሚወጣውን እንባ በምን ይጠርጉታል?” አለ።

ድንቅቱ ሳታስበው የነጠላዋን ጫፍ አነሣች። የራዲያ ደም አሁንም አለበት። በልጇ በወርቅቱ ሙሽርነት ጊዜ ይህንኑ ነጠላ ለብሳ ነበር። ልጇ ስታለቅስ እንባዋን የጠረገችላት በዚሁ ጫፍ ነው።

“በዚህ” አለች።

“ለሁሉም?”

“ለሁሉም።”

“በሽታው የሚተላለፈው እንዲህ ነው። በጨርቅ፣ በእጅ፣ በዝንብ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጨርቅ ይኑረው፤ ጠዋትና ማታ ፊት ይታጠብ። ቶሎ ለመጣ ሰው የዓይን ቅባት ብቻ ይበቃዋል፤ መቆረጥም አያስፈልገው። ልጆች አሉዎት?”

“አንዲት። ፉሪ ነው ያለችው። ዓይኗ ደህና ነው።” ደህና መሆኑን በምን እንዳወቀች ራሷን ጠየቀች። ከተዳረች ጀምሮ ዓይኗን ገልጣ አላየችውም፤ ብታይስ ምን ይታያታል?

“ያምጧት፤ ደህናም ቢሆን ይታይ። አሁን ቀና ይበሉ፤ የእርስዎን ልየው።”

“እኔ የመጣሁት ልመራት ነው።”

“ቀና ይበሉ እናቴ።”

ባትሪው ሲበራባት ዓለም ነጭ ሆነ፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። ነገሳ ሁለቱንም ደጋግሞ አየ። ምርመራው ከራዲያው የረዘመ መሰላት። ቁጥር መቁጠር ጀመረች፤ ከአሥራ አንድ በኋላ ጠፋባት።

“ሁለቱም ታጥፈዋል። ግራው ላይ ደመናው ጀምሯል። ቀኙ ገና ነው። እርስዎ በዚህ ዓይን ነው የሰው ሽፋሽፍት የሚነቅሉት?”

ድንቅቱ ነጠላዋን ወደ ቅንድቧ ጎተተች። በረንዳው ሙሉ ጆሮ ነው።

“ነገ ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ” አለ ነገሳ። “ሁለቱንም እናደርገዋለን። ሁለቱም ሲታሸጉ የሚመራዎት ሰው ያስፈልጋል።”

ነገ። ነገ ገርባ ጤፉን ያበራያል። “ውቂያው ይለቅ” ይላታል፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን፣ ሰማዩ ጥቁር ደመና ስላሳየው። እሷም “እውነትህን ነው” ትለዋለች፣ ምክንያቱም ሌሊቱን ስለ ምላጩ ስታስብ ታድራለች። ሐኪሞቹ ይሄዳሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት የፉሪ ዳገት ወተት ይሆንባታል።

“ዛሬ ከሄድኩ አልመለስም” አለች። “ራሴን አውቀዋለሁ። አንዱን ዛሬ አድርጉልኝ።”

“ጓደኛዎ የምታይበት አንድ ዓይን ይታሸጋል፤ እሷ ምንም አታይም። እርስዎም አንዱን ካሸጉ—”

“የኔው ግራ ዓይን ይመራናል።”

“ግራው የደከመው ነው። የምናደርገው ቀኙን ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው ይዳን።”

ድንቅቱ ይህን አላሰበችም ነበር። የምታይበትን ዓይን ለምላጭ ሰጥታ፣ በማታይበት ራዲያን ልትመራ ነው።  ነጠላዋን ይዛ ተነሣች፤ ወደ ሐኪሞቹ በር ወይስ ወደ ውጭ እንደምትሄድ ለአፍታ ራሷም አላወቀችውም። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች።

ኦቦ ጃራ አልዋሹም። መርፌው ጉንዳን ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው ፊት ላይ የሚደረግ ይመስል ነበር፤ የክር መሳብ፣ የመቀስ ድምፅ፣ የሐኪሙ ትንፋሽ። ስትነሣ ቀኝ ዓይኗ በጥጥና በፋሻ ታሽጓል። ራዲያ ግድግዳውን ተደግፋ ትጠብቃታለች።

“ድንቅቱ ነሽ?”

“እኔ ነኝ።”

“አንቺንም ቆረጡሽ አሉኝ።”

“ቆረጡኝ።” ድንቅቱ አጠገቧ ተቀመጠች። “ራዲያ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ብትመጪ ቀኙ ይተርፍ ነበር ያለውን የልጁን ቃል ሰማሽ?”

“ሰምቻለሁ። በሩ ላይ የነበረው መጋረጃ ብቻ ነው።” ራዲያ ፋሻዋን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። “ስምንት ዓመት ሙሉ ያንቺ እጅ ባይኖር እንቅልፍ አላገኝም ነበር። ይህ እውነት ነው። ግን ምንም አልተቀየምኩሽም ብልሽ ወላሂ ውሸት ይሆንብኛል። ቤቴ ልግባና ላስብበት።”

“አስቢበት” አለች ድንቅቱ። 

ነገሳ ቅባት ሰጥቷቸው፣ በስምንተኛው ቀን ክሩን ለማስወጣት እንዲመለሱ አስጠንቅቆ ሸኛቸው። “የምታውቁት ሰው እስኪያልፍ በሩ ላይ ጠብቁ፤ ብቻችሁን አስፋልት አትሻገሩ” አላቸው።

አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። የዓለም ገና አውቶቡስ የሚቆመው ከመንገዱ ማዶ ነው። የሚያውቁት ሰው ሳያልፍ ቆየ፤ ድንቅቱም ትዕግሥቷ አለቀ። የራዲያን ክንድ ይዛ አስፋልቱ ዳር ደረሰች። በግራ ዓይኗ የሚታያት ጥላ ብቻ ነው። መኪና ነው ብላ የፈራችው ጋሪ ሆኖ አለፈ። ጋሪ ነው ብላ አንድ እግሯን ስታነሣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ጮኸባት፤ ነፋሱ ነጠላዋን ገለበጠው። ራዲያን ይዛ ወደ ኋላ ተሰበሰበች።

“አይተሽው ነበር?” አለች ራዲያ።

“አይቼዋለሁ። ይለፍ ብዬ ነው።”

 እንደገና ልትሞክር ስትል ከጎኗ አንድ ሴት “ድንቅቱ አይደለሽም እንዴ?” አለች።

ድምፅዋን አወቀችው። ደጊቱ ናት፣ ዓለም ገና ላይ ጌሾ የምትነግደዋ፤ ጭኗ ላይ ከሚጋደሙት አንዷ።

“ምን ነካሽ? ዓይንሽን ምን ሆንሽ?” አለች ደጊቱ። መልስ ሳትጠብቅም ቀጠለች፤ “እኔ ደግሞ ነገ በማለዳ አንቺ ዘንድ ልመጣ ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ይወጋኛል፣ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ባንድ ዓይንሽም ቢሆን ፀጉሩን አታጪውም፤ እጅሽን አውቀዋለሁ።”

መልሱ ቀላል ነበር። “ትንሽ ቁስል ናት፤ ነገ ነይ” ማለት ብቻ ነው። ደጊቱ ትመጣለች፣ እንደ ልማዷ ጭኗ ላይ ትጋደማለች፣ ድንቅቱም በዳበሳ ትነቅልላታለች። ነገርም እንደነበረ ይቀጥላል።

“ደጊቱ” አለች ድንቅቱ። “እኔ አላይም።”

“ዛሬ ነዋ፣ በፋሻው—”

“ዛሬ አይደለም። ከክረምት ጀምሮ አላይም። የሰዉን ዓይን በዳበሳ ነው ስነቅል የከረምኩት።”

የራዲያ ክንድ እጇ ውስጥ ደረቅ አለ። ድንቅቱ ልትስበው ነው ብላ ጠበቀች። ክንዱ አልተሳበም፤ አልላላምም። ደጊቱም ጌሾዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ስታስቀምጥ ድምፁ ተሰማ።

“ነገ እኔ ዘንድ አትምጪ” አለች ድንቅቱ። “እዚህ ኋላችን ባለው በር ግቢ። ሐኪሞቹ እስከ ነገ ናቸው። ለሌሎቹም ንገሪያቸው፤ ድንቅቱ ራሷ ናት ያለችው በያቸው።” ምራቋን ዋጠች። “አሁን ግን ያዢኝና አሻግሪን።”

ባዶ እጇን ወደ ደጊቱ ድምፅ ዘረጋች፤ እስክትይዘውም ድረስ አልሰበሰበችውም።